የስመኝ ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ቡሬ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ በበርበሬ ተራ በኩል ሳቋርጥ፣ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ የሚመታው የቀይ በርበሬ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና እዚያው መንገድ መካከል ቆሜ ሦስት ጊዜ አከታትዬ አነጠስሁ። እንደ ወጉ “ይማርህ” የሚለኝ ሰው ስጠብቅ፣ አንድ መጋዘን በር ላይ በርጩማ አስጠግቶ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ “ሟች ያነጥሳል እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ዞር ብዬ ሳየው ሰይድ ነው። ሰይድ በዚያ በደጉ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበር፤ በርበሬ ነጋዴ። ኋላ ልጆቹ ቡሬ ሱቅ ሲከፍቱ ጓዙን ጠቅልሎ ተከተላቸው። ጢሙ ነጥቷል፣ ጀርባው ጎብጧል፣ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ቀልቶ እንባ ያቀረረ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ዓይን ነው።

ሻይ አስመጣልኝና ጆንያ የሚጭኑትን ጎረምሶች ጠርቶ፣ “ይኸን ሰው ታያላችሁ? በኔ አፍ ሙቶ በገዛ እግሩ የቆመ ነው” አላቸው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ይህን ታሪክ እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት በላይ በሠርጉም፣ በእድሩም፣ በዓመት በዓሉም ስነግረው ኖሬያለሁ። የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ፣ የት ላይ ቆም ብዬ ሰው እስኪስቅ እንደምጠብቅ አውቃለሁ። ጎረምሶቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ሰይድ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለመሆኑ ለባለቤትህ ለስመኝ ያችን ሐሙሷን ኋላ ተካህላት?” አለኝ።

“የምን ሐሙስ?” አልሁት። አውቄ ነው።

“ያችን እሳት የማይነድባትን ነዋ። ራስህ አይደለህ የነገርኸኝ? እኔማ አላህ ይቅር ይበለኝ እያልሁ ስንት ዓመት ኑሬያለሁ። ያንተ ሞት ውሸት ነበር፣ ታለፈ። የሷ ቀን ግን እንደተበላች ቀረች።”

በዚህ ሁሉ ዓመት ታሪኩን ከሰማው ሰው አንድ እንኳ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ሳወራው እንደለመድሁት ለማሳቅ አይደለም፤ ደግሞም ደክሞኛል፣ ማሳቅም ጉልበት ይፈልጋል።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ፣ ዞን የሚለው ቃል አፋችን ላይ ገና ሳይላመድ፣ ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ ሆነች ተብሎ መሥሪያ ቤቱ እንደ ክረምት እንጉዳይ የሚፈላበት ጊዜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ከተማዋን በድሮ ስሟ ወጀት ነበር የሚሏት። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። አመድማ ሳፋሪ ልብስ ነበረችኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እሷን ለብሼ፣ ቅዳሜ ስመኝ አጥባ፣ እሑድ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ ሰኞ ተመልሼ እገባባታለሁ። አስፋልቱ ከዚያ ከዚህ የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነበር። ታክሲያችን ጋሪ ነው፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር ታስሮላቸው፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎ ሲያልፉ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማቸዋል። መናኸሪያው ጥግ ቀኑን ሙሉ ካሴት የሚያዞር ሱቅ ነበረ፤ ዘፈኑ መካከል ላይ ክሩ ሲጠመጠም ባለሱቁ በእስክሪብቶ እያዞረ ሲያቃና መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሻይ ሠላሳ ሳንቲም ነው። ዛሬ በሠላሳ ሳንቲም የሻዩን ሽታ እንኳ አያሸቱኝም። ለሁለት ሳንቲም ልዩነት የሚነታረኩ ሴቶች ነበሩ ብል የልጅ ልጆቼ ተረት ይመስላቸዋል።

የዓመት ፈቃድ የሚባለውን ነገር እንግዲህ በዚያ ጊዜ የምናውቀው እንዲህ ነበር። ወንድሜ ቢያድግልኝ ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ነው የሚኖረው፤ የአባታችንን መሬት የያዘ ታላቄ ነው። እኔ ፈቃዴን የምጠይቀው በኅዳር መባቻ፣ ጤፉ ሲደርስ ነው። ፈቃዱ እንደተፈረመ ስመኝን አስከትዬ ወደ ቋሪት ለአጨዳ እሄዳለሁ። እኔ በማጭድ ጣቴን እየቆረጥሁ ከወንዶቹ ኋላ እንፏቀቃለሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንድሜ ያዝንልኝና፣ “አንተ ና፣ ከጥላው ሥር ሁነህ ተጫወትልን” ይለኛል። ስመኝ ግን ለሠላሳ የደቦ ሰው ስትጋግር፣ ስትወጠውጥ፣ ውኃ ስትቀዳ ትሰነብታለች። ሰባት ቀኑ ሲያልቅ እኔ ቢሮዬ ገብቼ፣ “እንዴት ነበር ዕረፍት?” ስባል፣ “ጥሩ ነበር፣ አየር ለወጥሁ” እላለሁ። እሷም እቤቷ ገብታ የቆየውን ልብስ ታጥባለች። እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት ሄደ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ፣ “ዕረፍትህ ስንት ቀን ነው?” አለችኝ።

“ሰባት።”

“እኔስ ስንት ቀን አለኝ?”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ያን ጊዜ ደንግጬ፣ ካገባኋት ጀምሮ ቃል የምገባላትንና የማላደርገውን ነገር አነሣሁ፤ “ዘንድሮ ቋሪት ይቅርብንና ጢስ ዓባይን ላሳይሽ” አልኋት። ስመኝ የድጓ መምህር ልጅ ናት፣ ነገር መመለስ ታውቅበታለች። “ጢስማ እዚሁም ሞልቶኛል፤ እኔ የምፈልገው ጢስ የሌለበትን ቀን ነው። ከሰባቱ አንዱን ስጠኝ። እሳት የማላነድበት፣ ማንም ስሜን የማይጠራበት፣ ፀሐይዋ ወጥታ አልጋየ ላይ እስክታገኘኝ የምተኛበት አንድ ቀን። ሌላ አልጠይቅህም።”

ሰጠኋት። እንዲያውም ለጋስ ልሁን ብዬ ሰባቱንም ቀን ፍኖተ ሰላም እንድንውል ወሰንሁ። ልጆቹን ቡሬ ያለችው እህቷ ልትወስድልን ተስማማች። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ አንድ ላይ እንደ እንግዳ ሆነን የገዛ ከተማችንን ልናያት፣ ሐሙስ ደግሞ የስመኝ ብቻ ሊሆን ተነጋገርን። የቀሩት ሦስት ቀናት እንደ ፈቃዳችን። የቀረችው አንዲት ነገር ለወንድሜ ወሬ ማድረስ ነበረች። ስልክ ቋሪት የለም፤ መልእክት የሚሄደው በገበያተኛ አፍ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰይድ ወደ ጅጋ ገበያ ሊሄድ በርበሬውን ሲጭን አገኘሁትና፣ “የወንድሜን ሰፈር ሰው ካገኘህ፣ ‘ዘንድሮ አትጠብቁት፣ ዐርፏል’ በልልኝ” አልሁት። ሐሙስ ስለሚሆነው ነገርም ነገርሁት፤ ሚስቱን የሚያሳርፍ ወንድ ሰፈራችን ውስጥ ብርቅ ስለነበር ትንሽ ልጎርርበት ብዬ ነው። ቃሉ የሰይድ አይደለም፣ የኔ ነው። ቀኑን ሙሉ “ዕረፍት” የሚል ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው፣ ቃሉ በአገሬ ሌላም ነገር እንደሚያወራ ረስቼው ነበር።

ሰኞ ወደ ላህ ወንዝ ወረድን። ስመኝ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እኔ ሁለት ለስላሳ በቦርሳ ይዤ። ከወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ ስመኝ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ተቀመጠችና፣ “ላህን ያለ ልብስ ሳየው ዛሬ ገና ነው” አለች። የሚታጠብ ልብስ ሳልሸከም ማለቷ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ አስመስዬው ስስቅባት በውኃ ረጨችኝ። ማክሰኞ ጋሪ ተከራየን። ባለጋሪው፣ “የት ላድርሳችሁ?” ሲል “የትም” አልነው። ሰውየው ፈረሱን አቁሞ ፊታችንን አየና፣ “ጋሽየ፣ የትም እኮ ሰፊ ነው” አለኝ። በከተማዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞርን። የማንገባበትን ቀበሌ፣ የማናውቀውን መንገድ፣ በማንጎ ዛፍ የተሞላውን ግቢ ሁሉ አየን። ስመኝ ከጋሪው ላይ ሆና ጎረቤቶቿን “እንዴት ዋላችሁ” ስትላቸው፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጡላት ነበር፤ ሐኪም ቤት የምወስዳት መስሏቸዋል። በአገራችን ሰው ያለ ጉዳይ ጋሪ ላይ አይወጣም። ረቡዕ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል ገብተን የጾም በያይነቱ በላን። አስተናጋጇ ትሪውን ስታመጣ ስመኝ ብድግ ብላ ልትቀበላት ሞከረች፤ እጇን ይዤ አስቀመጥኋት። ቀጥላም የሰው እጅ ወጥ እየቀመሰች፣ “ጨው አንሶታል” አለችኝ በጆሮዬ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት። ያችን ሳቋን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጅጋ ላይ ግን ነገር ተበላሽቶ ነበር። በኛ አገር መርዶ በግልጽ አይነገርም። የሰው ሞት የሚነገረው በለስላሳ አንደበት፣ በዙሪያ መንገድ፣ አንገት ደፋ ተደርጎ ነው፤ ለታላቅ ሰው ደግሞ “ሞተ” አይባልም፣ “ዐረፈ” ነው የሚባለው። ሰይድ የወንድሜን ጎረቤት ገበያው መካከል ሲያገኘው ዓይኑ በበርበሬ አቧራ ቀልቶ እንባው ይወርድ ነበር። ሰው እንዳይሰማው ጠጋ ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ለቢያድግልኝ ንገርልኝ፤ ወንድምህን ዘንድሮ አትጠብቀው፣ ዐርፏል” አለው። ገበሬው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። የሚያለቅስ ሰው “ዐርፏል” ካለ ምን ይጠየቃል? ሰይድ ሰውየው የተሸከመውን ጨው መሬት ላይ ጥሎ ሲሄድ አይቶ፣ “ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ቸር ዋል እንኳ የማይል” ብሎ ታዝቦት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወንበር አውጥቼ የግቢያችን በር ላይ ተቀመጥሁ። ሥራዬ ዘበኝነት ነው፤ የመጣውን ሁሉ “ዛሬ የለችም” ብዬ ልመልስ። ወደ ሦስት ሰዓት ላይ ቀስ ብዬ ገብቼ አየኋት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ቀዳዳ ገብታ ትከሻዋ ላይ አርፋለች፤ አፏን ትንሽ ከፍታ ተኝታለች። ከተጋባን ጀምሮ ተኝታ አይቻት የማላውቅ መሰለኝ፤ ሁልጊዜ ስነቃ አልጋው በሷ በኩል ባዶ ነው። ተመልሼ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥሁ ከአስፋልቱ በኩል አይሱዙ ሲቆም ሰማሁ። ቀጥሎ ጩኸት መጣ። የሰፈር ጩኸት አይደለም፤ የአርባ ሰው ጩኸት ነው። ማን ሞተ ብዬ ቆሜ ሳይ፣ ከፊት ወንድሜ ቢያድግልኝ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ “ወንድሜን! ወንድሜን!” እያለ ደረቱን ይደቃል። ከኋላው የአባቴ እህት አክስቴ ጠጁ ነጠላዋን አገልድማ ታስለቅሳለች፤ ግጥሟ እስከ በራችን ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

“የሰውን ሁሉ ስም ሲጽፍ እየዋለ፣
የራሱን ሳይጽፈው መዝገቡ ተጣለ።

ማጭድ ባያውቅበት እጁ ቢለሰልስም፣
እንዲህ ያለ ወንድም ቋሪት አይመለስም።”

ሁለተኛውን ስሰማ የሚለቀስለት ሰው ማን እንደሆነ ገባኝ። “ኧረ እኔ ነኝ! ቁሜያለሁ!” ብዬ ወደ እነሱ ስሮጥ ጩኸቱ እንደ ገመድ ተበጠሰ። ሁለት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ፤ አብሮ የመጣው ቄስ መስቀሉን አውጥቶ “በስመ አብ” አለ። ወንድሜ ብቻ አልሸሸም። ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝ።

“አንተ፣ ዐርፏል ተባልን እኮ!”

“አዎ ወንድም ጋሼ፣ ዐርፌያለሁ” አልሁት። ከድንጋጤዬ የተነሣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

“ምን ይላል ይኸ!”

“ዕረፍት ወጥቸ ነዋ! የመሥሪያ ቤት ዕረፍት!”

ይህን እየተባባልን ሳለ ስመኝ ከቤት ወጣች። ፀጉሯ ተበትኖ፣ ባዶ እግሯን፣ ቀሚሷን በግራ ለብሳ። ጩኸቱን በእንቅልፍ ልቧ ሰምታ ነው። ሰውን ሁሉ በክርኗ እየገፋች መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ቀጥላ ዞር ብላ አርባውን ሰው አየች፤ አቧራ የጠጣ እግራቸውን፣ የደረቀ ከንፈራቸውን። ነጠላዋን አምጥታ ወገቧን ታጠቀችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጢሱ ወጣ።

ወደ ማድ ቤት ስትገባ ላስቆማት ይገባኝ ነበር። ለሰዎቹ ውኃ አጠጥቼ፣ ዳቦ አስገዝቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ ብዬ በመጡበት መኪና ልመልሳቸው እችል ነበር። ጤፉም እኮ ሜዳ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። እኔ ግን የራሴን ለቅሶ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ያገኛል? ከመዝገብ ቤት አልፎ የማያውቅ ኑሮዬ በግጥም ሲነሣ ሰምቼ ልቤ አብጦ ነበር። “ከሞት ተነሥቸ ማንንም አልሸኝም! ግቡ!” ብዬ ጮህሁ። ሙክት ተገዛ። ጎረቤቱ ለለቅሶ ብሎ መጥቶ ለድግስ ቀረ። አክስቴን በየሰዓቱ፣ “ያችን የመዝገቡን ድገሚልኝ” እያልሁ አስቸገርኋት። ሰይድ ወሬውን ሰምቶ ፊቱ ዐመድ መስሎ መጣ፤ ግማሽ ጆንያ በርበሬ ለይቅርታ ይዞ። የመጣው በርበሬም ለስመኝ ሥራ ሆነ፤ የአርባ ሰው ወጥ የሚበላው በርበሬ ቀላል አይደለም።

እንግዶቹ ሐሙስ አደሩ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ስመኝ የትናንቱን የሥጋ ድስት ሁሉ አጥባ በሽሮና በምስር ሁለተኛ ጀመረች። ቅዳሜ የፍስክ ቀን ነውና እንደገና ሌላ። ጎረቤት ሴቶች ያግዟታል፤ ቢሆንም “ስመኝ፣ ጨው የታለ?”፣ “ስመኝ፣ ማሰሻው የታለ?”፣ “ስመኝ፣ ውኃ አልቋል” ነው። ቆጥሬው ቢሆን ኖሮ ስሟ በዚያ ሦስት ቀን የተጠራውን ያህል በስምንት ዓመት አልተጠራም። ቅዳሜ በማድ ቤቱ በር ሳልፍ ዓይኗ ቀልቶ አየሁት። ጢሱ ነው ብዬ አለፍሁ። እሑድ ሁሉም ተሳፍረው ሄዱ፤ ወንድሜ መኪናው ላይ ሆኖ፣ “የሚመጣው ዓመት አትረፍ፣ ና!” እያለ ይስቃል።

ሰኞ ጠዋት ሳፋሪ ልብሴን ስለብስ፣ “ዕረፍትህ እንዴት ነበር?” አለችኝ።

“እንዲህ ያለ ዕረፍት አይቸ አላውቅም” አልኋት።

“ተመስገን” አለችኝና የተቃጠለ ድስቷን መፈግፈግ ቀጠለች።

በቃ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣችውም። በቀጣዩ ዓመት እንደ ልማዳችን ቋሪት ለአጨዳ ሄድን፤ ገበሬው ሁሉ “ሟቹ መጣ” እያለ ተቀበለኝ። ስመኝ እሳቷ ዘንድ ገባች። ከዚያም ልጆች አደጉ፣ ትምህርት፣ እድር፣ ማኅበር፣ የልጅ ሠርግ፣ የልጅ ልጅ ክርስትና፤ ሐሙስ ሐሙስን እየገፋ ይኸው እዚህ ደረስን።

አሁን ፍኖተ ሰላም ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ ነው የሚጮኸው። ካሴት የሚያዞረው ሱቅ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል። በማንጎ የተሞላው ግቢ ላይ ፎቅ ተሠርቷል፤ ፎቁም ሳያልቅ ብረቱ እየዛገ ቆሟል። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ በቀደም ስትደውል፣ “አባየ፣ ዘንድሮ ዕረፍቴን የትም ሳልሄድ ሰፈሬ ውስጥ ነው የማሳልፈው፤ ስቴይኬሽን ይባላል” አለችኝ። በራስ ከተማ እንግዳ መሆን፣ በእግር መዞር፣ ውጪ መብላት፣ ስልክ ማጥፋት እያለች አንድ በአንድ አስረዳችኝ፤ አዲስ ግኝት ነው የመሰላት። “እናትሽና እኔ እኮ ድሮ አድርገነዋል” አልኋት። “የሞትህ ጊዜ?” ብላ ሳቀች። እሷም ታሪኩን የምታውቀው በኔ አፍ ነው፤ በኔ አፍ ደግሞ ስመኝ ያለችበት ቦታ “ሚስቴም ያን ሁሉ ሕዝብ አበላች፣ ባለሙያ ናት” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች።

ከቡሬ ስመለስ መኪናው ውስጥ የሰይድ ጥያቄ ጎኔን ሲወጋኝ መጣ። እቤት እንደገባሁ፣ “የሚመጣው ሐሙስ ያንቺ ነው” አልኋት።

“ምን ሆነህ ነው?” አለችኝ።

“እሳት አይነድም። ምሳ ከሆቴል በምሳ ዕቃ አመጣለሁ። ስልኩን አጠፋለሁ። አንቺ ትተኛለሽ።”

አስታውሳው እንደሆነ ፊቷ ላይ ላነብ ሞከርሁ፤ የስመኝ ፊት ግን ከጊዜ ጋር የማይነበብ ሆኗል።

ሐሙስ ደረሰ። ሳይነጋ ነው የነቃሁት፤ እንዳትቀድመኝ ብዬ። እሷ ግን ቀድሞውንም ተነሥታ ተቀምጣለች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። “ተኚ እንጂ” አልኋት። ጋደም አለች። ፀሐይዋ ወጣች፤ አልጋውን አገኘችው። ገብቼ ባየኋት ቁጥር ዓይኗ ጣራው ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሼ ስገባ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

ተቆጣሁ። ስንት ዓመት ቆይቶብኝ ያመጣሁትን ነገር የናቀችብኝ መሰለኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እንኳ ማረፍ አትችይም?” አልኋት።

“ቀን መተኛት ትቻለሁ እኮ” አለችኝ፣ እጇ ምስሩ ላይ እንዳለ።

“ከመቼ ወዲህ?”

“ካን ጊዜ ወዲህ ነዋ። ያን ለት ተኝቸ ነው መሞትህን የሰማሁት። ከመኝታየ እስከ በሩ እስክደርስ ሙተህ ነበር። እናንተ ውጭ ትስቁ ነበር፤ እኔ ግን ያችን መንገድ ሂጃታለሁ። ከዚያ ወዲህ በቀን ዓይኔን ስከድን ጩኸቱ ይመጣል። አንተ ለሰው እያወራህ ስትስቅ ምን ልበልህ? ተወው ብየ ኖርሁ።”

አርባ ሰው ያለቀሰልኝን ስቆጥር ስኖር፣ አንዷ ከልቧ ቀብራኝ እንደነበር ሳላውቅ። ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንሥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥሁና፣ “ተኚ፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብየ አወራለሁ። ድምፄን እየሰማሽ ተኚ” አልኋት። እምቢ ልትል አሰበችና ደክሟት ነው መሰለኝ ጋደም አለች። በርጩማ አስጠግቼ ተቀመጥሁ። ምን እንደማወራ አላውቅም፤ የሽንኩርቱን መወደድ፣ የጎረቤቱን ውሻ፣ ሰይድ ቡሬ ላይ ያጋዘውን ጆንያ፣ ጉልበቴን እንዴት እንደሚያመኝ እያወራሁላት ቆየሁ። ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ባልሁ ቁጥር ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣

“አለህ?” ትለኛለች።

“አለሁ” እላትና እቀጥላለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አወራሁላት። ድምፄ ተዘጋ፣ ወሬዬም አለቀ፤ ስመኝ ግን አልተኛችም።